የእትየ የግፊት ኪኒን

ይድረስ ለወንድሜ ይበልጣል፣

እንዴት ከረምህ? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ሰብሉ ሰላም ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በጣም ተጠፋፋን፤ ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ ስንገናኝ ጠላ ይዘን እንከራከራለን።

ባለፈው ቅዳሜ እህትህ ለገበያ ደብረ ማርቆስ መጥታ እኔ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ጎራ ብላ ነበር። እትየ ስኳሩ ሳያንሳቸው ግፊት እንደተጨመረባቸው፣ ኢናላፕሪል እንደታዘዘላቸው፣ አንተ ደግሞ «ጎረቤታችንን ያሻላቸው አምሎዲፒን ነው፣ እሱ ይቀየርላት» እንዳልክ ነገረችኝ። ተው እንጂ!

አምሎዲፒን ክፉ ሆኖ አይደለም። ግፊት ያወርዳል፤ ዐመሉ ቁርጭምጭሚት ማሳበጥ ነው። ግን ጎረቤታችሁ ስኳር የለባቸውም። ስኳርና ግፊት ሲገናኙ ኩላሊትን ይዘምቱበታል፤ ኩላሊቱም ሕመም ሳያሰማ ፕሮቲን ወደ ሽንት ማሳለፍ ይጀምራል። ኢናላፕሪል በኩላሊቱ ማጣሪያ ውስጥ ያለውን የደም ጫና ስለሚያረግብ ይህን ይቀንሳል። ስለዚህ ሐኪሙን «ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን አለ ወይ?» ብለህ ጠይቀው። ካለ፣ ኢናላፕሪሉን እንዳትነኩት። ከሌለ አምሎዲፒንም ያስኬዳል፤ ብቻ ግፊቱ ከ130 በ80 በታች ይውረድ። በ1998 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው የእንግሊዞች የስኳር ጥናት የኢናላፕሪል ዘመድ የሆነውን ካፕቶፕሪልንና ሌላ ዓይነት የግፊት ኪኒን የሆነውን አቴኖሎልን አወዳድሮ እኩል ሆነው አግኝቷቸዋል፤ ግፊታቸው ጠበቅ ተደርጎ የተያዘላቸው ሰዎች ግን ስትሮክ በ44 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ሁለት ዓይነት ኪኒን ቢታዘዝላቸውም አትደንግጥ፣ ብዙ ሰው በአንዱ አይበቃውም።

የኢናላፕሪል ዐመሉ ደረቅ ሳል ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ልጄ፣ ይኼም ሽሮፕ አልያዘልኝም፣ ሌላ ስጠኝ» አሉኝ። ፌስታላቸውን ከፈት ባደርገው ኢናላፕሪል! ሐኪማቸው ሎሳርታን በሚባል ሌላ የግፊት ኪኒን ቀየረላቸው፣ ሳሉም ተዋቸው። እትየም ከሳሉ መፍትሔው እሱ ነው፤ በምትኩ እንጂ በላዩ ተደርቦ አይደለም። ሁለቱ አንድ ላይ ደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትም ይጎዳሉ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ኪኒኑን አቁማችሁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ደግሞ ለጉልበታቸው እያላችሁ ዲክሎፌናክ የምትገዙትን ነገር ተዉ፤ ግፊቱንም ያስነሣል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። ኪኒኑ ከተጀመረ አንድ ሁለት ሳምንት ሲሆነው ክሬቲኒን (የኩላሊት ሥራን የሚያሳየው የደም ምርመራ) እና ፖታሲየም አሠሩላቸው፤ ወረቀቱን ፎቶ አንሥተህ በቴሌግራም ላክልኝ። እትየን ሳምልኝ።

ወንድምህ