አክስትሽ ሰዓቱን ከመግዛቷ በፊት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሱሉልታ ብርድ ጀምሯል። አባትሽ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ እስክትሞቅ ከቤት አይወጣም።

አክስትሽ ደውላ "ለገና ስመጣ ለልጅቷ አፕል ዋች ላምጣላት?" አለችኝ። አንቺም "እማ፣ ምን ትያለሽ?" ብለሽ ጽፈሽልኛል። በስልክ እንዳላወራሽ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

አፕል ዋች ላንቺ አይሆንም። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም። አንቺ የያዝሽው ሳምሰንግ ነው፤ አፕል ዋች ደግሞ ከአይፎን ውጪ ከማንም ስልክ ጋር አይሠራም። ገና ከካርቶኑ ሲወጣ የሚፈልገው አይፎን ነው። "ብሉቱዝ ስላለው እንደምንም ይገናኛል" የሚሉሽ አይጠፉም፤ አትስሚያቸው። ያኔ ወይ ሰዓቱ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል፣ ወይ ለሱ ብለሽ አይፎን ፍለጋ ትገቢያለሽ። ለልጓሙ ብሎ በቅሎ መግዛት ማለት ይሄ ነው።

የሳምሰንግም ቢሆን እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ጋላክሲ ዋች 4 ጀምሮ ያሉት እንዳንቺው ሳምሰንግ አንድሮይድ በሚባለው ሶፍትዌር ከሚሠሩ ስልኮች ጋር ብቻ ነው የሚሠሩት። የጎግሉ ፒክስል ዋችም እንዲሁ። ስለዚህ "ሲሰለቸኝ ለወንድሜ እሰጠዋለሁ" ብለሽ እንዳታስቢ፤ እሱ አይፎን ነው የያዘው። የአንድሮይድ ሥሪትሽንም ቀድመሽ እዪ። ለምሳሌ ጋላክሲ ዋች 7 ከአንድሮይድ 11 በታች ያለ ስልክ አይቀበልም።

ከሁለቱም ዓይነት ስልክ ጋር የሚግባቡ አሉ። ጋርሚን፣ አማዝፊት፣ ሁዋዌ፣ ከሻኦሚም ብዙዎቹ። ነገ ስልክ ብትቀይሪ ሰዓቱ አይጥልሽም። እኔ ወደነዚህ ነው የማደላው። ምክንያቴ ደግሞ ኑሮሽ ነው።

ከቆዬ ፈጬ ገና ሳይነጋ ትወጫለሽ። ሰልፉን ቆመሽ፣ ታክሲ ቀይረሽ፣ ማታ ስትመለሺ ደክሞሻል። ያውም መብራት ካለ ነው። አፕል ዋች ለብዙ ዓመት አንዴ ቻርጅ ተደርጎ እስከ 18 ሰዓት ይሠራል ሲባል የኖረ ነው። ጋላክሲውም አብዛኛው ሁለት ቀን ገደማ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር በየማታው የሚሰካ ነገር መጨመር ምን ይሉታል? ፓወር ባንክሽን ለስልክሽ እንኳ እየቆጠብሽ አይደል የምትጠቀሚው! ጋርሚን ፎርረነር 55 ግን እንደ ተራ ስማርት ዋች ከተጠቀምሽበት እስከ ሁለት ሳምንት፣ ጂፒኤስ (ያለሽበትን ቦታና የሮጥሽውን ርቀት በሳተላይት የሚያውቀው) በርቶ እየሮጥሽ ደግሞ እስከ 20 ሰዓት ይቆያል ይላል አምራቹ። አማዝፊቶቹም ብዙዎቹ ከሳምንት በላይ ይሄዳሉ። ስክሪናቸው እንደ አፕሉ ላያምር ይችላል። በሰዓቱ ስልክ አታነሺ ይሆናል። ግን እውነት እንነጋገርና፣ ታክሲ ውስጥ እጅሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ልታወሪ ነው እንዴ?

ስለ ሩጫሽ ደግሞ። ለታላቁ ሩጫ እየተለማመድሽ ነው ብለሻል፤ 10 ኪሎ ሜትር ቀልድ አይደለም፣ ጎበዝ። ስልክ ይዞ መሮጥ ካልፈለግሽ ሰዓቱ የራሱ ጂፒኤስ ሊኖረው ይገባል። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት የስልኩን ነው። ስልኩ ቤት ከቀረ ርቀቱን በእርምጃሽ ይገምቱታል። ካርቶኑ ላይ "ጂፒኤስ" ተብሎ መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ የራሱ መሆኑን ጠይቂ። ውሃውን በተመለከተ 5 ኤቲኤም የሚል የውሃ መቋቋሚያ ምልክት ካለው ዝናብና ላብ አያሳስብሽም። ሻወር ስትገቢ ግን አውልቂው፤ ሙቅ ውሃና ሳሙና ማሸጊያውን ይጎዱታል።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። ጡረታ ብወጣም ነርስነቴ አልወጣም።

ከሰዓቱ ሥር የሚበራው አረንጓዴ መብራት የልብ ምትሽን የሚቆጥር ነው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይመጥጣል። ልብሽ በመታ ቁጥር በቆዳሽ ሥር የሚያልፈው ደም ይጨምራል፣ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል። ሰዓቱ ያንን ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ልል ካደረግሽው ይቀባጥራል። ከእጅ አንጓ አጥንትሽ ትንሽ ከፍ አድርገሽ፣ እንደማይንሸራተት አጥብቀሽ እሰሪው። በብርድ ጠዋት ደም ወደ እጅ በደንብ ስለማይደርስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ የተሳሳተ ቁጥር ቢያሳይሽ አትደንግጪ።

በደምሽ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ ከሆነ አንድ ነገር ያዢልኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኛ ሱሉልታ ከዚያም ትበልጣለች። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ጤነኛ ሰው ላይም ቢሆን ቁጥሩ ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው በጥቂት ነጥብ ዝቅ ይላል። እዚህ መጥተሽ ስትተኚ "ኦክስጅንሽ ቀንሷል" ቢልሽ ሌሊት እንዳትደውዪልኝ። ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ሰዓቱ የፈለገውን ይበል፣ ሐኪም ቤት ሂጂ።

የደም ግፊት ነገርማ አስቆኛል። ሳምሰንግ ያወጣው የግፊት መለኪያ ከሳምሰንግ ስልክ ጋር ብቻ ነው የሚሠራው፣ ያውም በተፈቀደባቸው አገሮች። እሱም በየ28 ቀኑ በክንድ በሚታሰረው እውነተኛ መለኪያ መስተካከል አለበት። መለኪያው እቤት ካለ ታዲያ በሱ መለካት ነዋ! ኢሲጂ የሚባለው፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግበውም፣ የተዛባ የልብ ምት ሊጠቁም ይችላል እንጂ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሲመጣ አይነግርሽም።

የስኳሩን ግን በሳቅ አላልፈውም። ባለፈው አባትሽ መርካቶ ወርዶ አንዱ ነጋዴ "ይሄ ሰዓት ሳይወጋ ስኳር ይለካል" ብሎት ደስ ብሎት መጣ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2024 ቆዳ ሳይበሳ ስኳር የሚለካ ስማርት ዋችም ሆነ ቀለበት አንድም አልፈቀድኩም ብሎ አስጠንቅቋል። በውሸት ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ራሱን ሊስት፣ ከዚያም የከፋ ሊደርስበት ይችላል። የሥራ ጓደኞችሽ ወላጆች ስኳር ካለባቸው ይህን ንገሪያቸው።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ፊደሉ ነው። ርካሽ ሰዓቶች ላይ በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ሲመጣ ባዶ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። እኔ የምጽፍልሽ በሙሉ በአማርኛ ነው፣ ታዲያ ምኑን ልታነቢ? ቢሮሽ ውስጥ ያንኑ ሞዴል ያደረገ ሰው ካለ "ሰላም ዋልክ" ብለሽ ላኪለትና እጁ ላይ እዪ። የሰዓት አቆጣጠሩንም ወደ ሐበሻ ለማምጣት ብለሽ የስልክሽን የሰዓት ቀጠና እንዳትነካኪ። ቀጠሮሽና እንቅልፍሽ ሁሉ በስድስት ሰዓት ይዛባል። 7:00 ሲል አንድ ሰዓት ማለት ለምደሽው የለ።

ሲም የሚቀበለው ዓይነት ይወደዳል። ቴሌ ወይም ሳፋሪኮም በሰዓት ላይ ይሠራልሻል ብለው በአፋቸው ካላረጋገጡልሽ ተጨማሪ ብር አትክፈዪ። በእጅ ሰዓት ገንዘብ መክፈል የሚባለውም ይቅርብሽ፤ የአፕሉ መክፈያ አፕል ፔይ እዚህ አገር የለም፣ ቴሌብርሽ ስልክሽ ላይ ነው።

"አክስቴን ከማስቸግር ከዚሁ ልግዛ" ካልሽ ደግሞ "ኡልትራ" እየተባለ በጥቂት ብር የሚሸጠውን ተጠንቀቂ። መልኩ ቁርጥ አፕል ነው፤ ውስጡ ሌላ ነው። የሚገርመው ከሳምሰንግሽ ጋር ይገናኛል። አስመሳይ መሆኑን የምታውቂውም በዚሁ ነው። ያገለገለ እውነተኛ አፕል ዋች የሚገዙ ጓደኞችሽም የድሮው ባለቤት ከአካውንቱ እንዳወጣው ያረጋግጡ። አለዚያ ተቆልፎ ይቀራል።

እንግዲህ ለአክስትሽ ዛሬውኑ ጻፊላት። የስልክሽን ሞዴልና የአንድሮይዱን ሥሪት ላኪላት። የእጅሽን ውፍረት በሜትር ለኪና ጨምሪበት፤ ትልልቆቹ ላንቺ ቀጭን እጅ ይከብዳሉ። ቻርጀሩ የየሞዴሉ የራሱ ስለሆነ እዚህ ቢጠፋ ማግኘቱ ጣጣ ነው፣ አንድ ትርፍ ትያዝ። ጋርሚን ወይም አማዝፊት ካልሻት ከአፕሉ የሚረክስ ስለሚገኝ ብር ይተርፋታል። በተረፈው ለአባትሽ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ትግዛበት። የመሣሪያውን ስም ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።

እናትሽ
ከሱሉልታ