አመድ እሳት ሲወልድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ብርድ በመጣ ቁጥር ስለ ምድጃ ትጽፋላችሁ። የትኛው ማገዶ እንደሚቆጥብ፣ የትኛው ጢስ እንደሚቀንስ፣ የጢስ መውጫው መቼ መጠረግ እንዳለበት። ደግ አደረጋችሁ። ግን እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ማገዶው የት እንደሚያድር፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ደግሞ አመዱ የት እንደሚሄድ ስትጽፉ አላየሁም። እኔ በሁለቱም በኩል ተቀጥቻለሁና እስቲ ልንገራችሁ።

ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ንብረት ስቆጥር ኖሬ፣ የራሴን ማገዶ መቁጠር የጀመርኩት ቤት ከዋልኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ቁጥር ሳበዛ ታገሡኝ።

በአመዱ ልጀምር። አንድ ማታ ምድጃውን ጠረግኩ። እሳቱ ከጠፋ ሰዓታት አልፈዋል። እጄን ጠጋ አድርጌ ሞከርኩት፣ ሙቀት የለውም። ግራጫ፣ ልስልስ ያለ አመድ ነው። ጠዋት እደፋዋለሁ ብዬ በካርቶን ሞላሁትና ማገዶ ክፍሉ ውስጥ፣ ከፍልጡ ሥር አስቀመጥኩት። «እሳት አመድ ወለደ» ይባላል። በእኔ ቤት ግን በዚያ ሌሊት አመድ እሳት ወለደ።

ሊነጋ ሲል ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። «የሆነ ነገር ይሸታል» አለች። እኔ ሕልም ነው ብዬ ዞሬ ልተኛ ስል እሷ ተነስታ መብራት አበራች። የማገዶ ክፍሉን በር ስከፍት ጢሱ ፊቴን መታኝ። የካርቶኑ ሥር ተበልቶ አልቋል። ከሥሩ ያለው ጣውላ ጠቁሯል። አጠገቡ የነበረው የከሰል ጆንያ ጥግ ቀልጦ ተጨማትሯል። በሩ ተዘግቶ ስላደረ አየር አጥቶ ሲጨስ ነው የቆየው። እኔ ስከፍተው እንደ መነቃቃት አለና ነበልባል ብቅ አለ። ባልዲ ውሃ ደፋሁበት። አመዱ ተነስቶ ግድግዳውንም እኔንም አለበሰን። ከዚያ በኋላ ለብዙ ደቂቃ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ሁለታችንም አልተናገርንም።

በኋላ ሳስበው ነገሩ ቀላል ነው። እሳት ለነገ ማቆየት የፈለገ ሰው ፍሙን በአመድ ያዳፍነዋል። አመድ ሙቀት አያስወጣም። እኔም ሳላውቀው ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ ፍም አዳፍኜ ካርቶን ውስጥ አሳደርኩ። በአመድ የተሸፈነ ፍም ሦስትና አራት ቀን ሊቆይ ይችላል። ላዩን ነክቶ «በርዷል» ማለት ዋጋ የለውም።

አሁን አመድ የሚገባው ክዳኑ ግጥም በሚል የብረት ባልዲ ነው። ባልዲው የሚቀመጠው ደጅ፣ ድንጋይ ላይ፣ ከቤቱ ቢያንስ ሦስት ሜትር ርቆ ነው። ካርቶን፣ የላስቲክ ባልዲ፣ ጆንያ፣ የወረቀት ከረጢት አይታሰብም። ከመድፋቴ በፊት ውሃ ጨምሬ በእንጨት አማስለዋለሁ።

ወደ እንጨቱ ልሂድ። እዚህ ላይ ያጠፋሁት በስንፍና አልነበረም። በትጋት ነበር፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ። ገና የተቆረጠ እንጨት ገዝቼ፣ ፈልጬ፣ ዝናብ እንዳይነካው ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ጠቀለልኩት። ጫፍ ጫፉን በድንጋይ ተጫንኩት። ነፋስ እንኳ አይገባበትም ብዬ ኮራሁ። ከሦስት ወር በኋላ ስገልጠው የላስቲኩ ውስጠኛ ክፍል ላብ አልቦታል። እንጨቱ ነጭ ሻጋታ አብቅሏል። ሽታው የእርጥብ ምድር ሽታ ነው።

ለካ ውሃውን ከውጭ ስጠብቅ ውሃው ውስጥ ነበር። አዲስ የተቆረጠ እንጨት የክብደቱን ግማሽ ያህል ውሃ ሊሆን ይችላል። ምድጃ ውስጥ በደንብ እንዲነድ ደግሞ ውሃው ወደ 20 በመቶና ከዚያ በታች መውረድ አለበት። እስቲ አብረን እናስላ። 100 ኪሎ እንጨት አለን፣ ውሃው 40 በመቶ ነው። ይህን 20 በመቶ ለማድረስ ስንት ሊትር ውሃ መውጣት አለበት? «20 ሊትር» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ብዬ ነበር። ደረቁ እንጨት 60 ኪሎ ነው፣ እሱ አይለወጥም። ይህ 60 ኪሎ የጠቅላላው 80 በመቶ እንዲሆን ጠቅላላው 75 ኪሎ መሆን አለበት። ስለዚህ የሚወጣው 25 ሊትር ነው። አንድ ትልቅ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ማለት ነው። ያንን ሁሉ በላስቲክ ጠቅልዬ የት እንዲሄድ ጠብቄ እንደነበር አላውቅም።

ያ ውሃ ደጅ ካልተነነ ምድጃ ውስጥ ነው የሚተነው። ያን ጊዜ እንጨቱ ቤቱን ከማሞቁ በፊት መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያፈላል። እሳቱ ይቀዘቅዛል፣ ጢሱ ይበዛል። ጢሱም የጢስ መውጫው ውስጥ ሬንጅ የመሰለ ጥቀርሻ ሆኖ ይጋገራል። ጥቀርሻው ራሱ አንድ ቀን እሳት ሊይዝ ይችላል። ስንት ሰው ነው ምድጃውን ሲረግም የኖረው! ጥፋቱ ግን የምድጃው ሳይሆን የክምሩ ነው።

አላመንኩም ነበርና ፈተንኩት። ከአንድ ግንድ የተፈለጡ፣ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ከ400 ግራም የሚመዝኑ ሁለት ፍልጦች መረጥኩ። በጠመኔ አንድና ሁለት ብዬ ጻፍኩባቸው። አንድ ቁጥርን በላስቲክ ጠቀለልኩት። ሁለት ቁጥርን ነፋስ በሚያገኘው ክምር ላይ፣ ከክዳኑ ሥር አስቀመጥኩት። በየሳምንቱ እሑድ ሚዛን ላይ አወጣቸዋለሁ፣ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ባለቤቴ «ሁለት ቁጥር ዛሬስ ስንት ከሳ?» እያለች ስትስቅብኝ ከረመች። ሁለት ቁጥር ወራት ወስዶ 1 ኪሎ ከ650 ግራም ላይ ደረሰና ቆመ። አንድ ቁጥር ያኔም 2 ኪሎ ከ300 ግራም ነበር። ክብደቱ ለሳምንታት መቀነስ ካቆመ፣ እንጨቱ አየሩ የሚፈቅድለትን ያህል ደርቋል ማለት ነው። ሚዛን ያለው ሰው ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም።

ሁለት መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያም አለ። ግን ላዩን ብትወጉት ይዋሻችኋል፤ ላዩ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል። ፍልጡን እንደገና ፍለጡትና ውስጡን ለኩ። ሁለቱም ከሌለ ጆሮ አለ። ሁለት ደረቅ ፍልጦች ሲጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ፣ እርጥቦቹ ድብ ይላሉ። ጫፉ ላይ እንደ ጨረር የተሰነጠቀ ከሆነም ጥሩ ምልክት ነው።

ክምሩን አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ከሥር የተጣለ የጭነት ርብራብ አነጥፋለሁ። ፍልጡ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ እርጥበቱም ምስጡም በቀላሉ አያገኘውም። ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል አርቃለሁ፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ እንጨት ራሱም አይደርቅም፣ ግድግዳውንም ያሻግታል። ከላይ ቆርቆሮ አለብሳለሁ፣ ጠርዙ ወጣ ብሎ ዝናቡን ከክምሩ እንዲያርቀው። ጎኑን ግን ባዶ እተወዋለሁ። ጎኑን ማልበስ ያምረኛል፣ አሁንም ያምረኛል፣ ግን እተወዋለሁ። ግንድን ሳይፈልጡ መከመርም ትርፍ የለውም፤ ልጡ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል። ከደረቴ በላይ አልከምርም፣ ክምር ሰው ላይ ሲናድ ቀላል ነገር አይደለም። ስወስድም ከላይ ነው፣ በጓንት፣ መጀመሪያ አይቼ። ጊንጥና እባብ ክምር ይወዳሉ። ምስጥ አየሁ ብላችሁ ደግሞ የሚነድ እንጨት ላይ የተባይ መድኃኒት አትርጩ፤ ስታነዱት ራሳችሁ ነው የምትስቡት። ቀለም የተቀባ ጣውላም ከማገዶው ጋር አይቀላቀል።

ቤት የማስገባው የአንድ ቀን፣ ቢበዛ የሁለት ቀን ነው። ከምድጃው አንድ ሜትር ይርቃል። ቶሎ እንዲደርቅ ብለው ምድጃው ላይ የሚደረድሩ ሰዎች አውቃለሁ። አንድ ቀን ማድረቁ ወደ ማንደድ እንደሚዞርባቸው ግን ማንም አይነግራቸውም።

ከሰል ሌላ ጠባይ አለው። ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ እርጥበት ከአየር ሳይቀር ይጠጣል። እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። አንድ ነጋዴ በኪሎ የሸጠልኝ ጆንያ ከላይ ደረቅ፣ ከግማሽ በታች እርጥብ ነበር። ዘርግቼ አራት ቀን ፀሐይ ላይ ካደረቅኩት በኋላ ስመዝነው የከፈልኩበት ውሃ ስንት እንደሆነ ታወቀኝ። ስሙን አልጽፍም፣ ራሱን ያውቃል። እርጥብ ከሰል ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚበላው። ሲነድ በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ይሆንና ይፈነጥቃል፤ ፍንጣሪው ምንጣፍ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጆንያ ስትገዙ እጃችሁን እስከ ታች ስደዱ።

አዲስ የወጣ ከሰል ደግሞ ኦክስጅን እየሳበ በራሱ ይሞቃል። በትልቅ ክምር ውስጥ፣ በተለይ ብናኙ ሲበዛ፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማንም ሳይለኩሰው ሊነሳ ይችላል። በዓለም አቀፍ የባሕር ጭነት ደንብ ከሰል በራሳቸው ሊቀጣጠሉ ከሚችሉ ዕቃዎች ጋር የተመደበው በዚህ ምክንያት ነው። ቤት ያለች አንድ ጆንያ ይህን ታደርጋለች ብዬ ላስፈራራችሁ አልፈልግም። ግን ከማክሰያው ትኩስ የመጣ ከሆነ ቢያንስ አንድ ቀን ደጅ ተዘርግቶ አየር ያግኝ።

ለቤት ይበልጥ የሚያሰጋው የተረፈው ከሰል ነው። ማታ ውሃ እርጭ አድርጎ ወደ ጆንያው መመለስ። እኔም አደርገው ነበር። ውሃው ላዩን ያጠፋል፣ ልቡ ላይ ያለው ፍም ይቆያል፣ ከሰዓታት በኋላ ይነቃል። አሁን ክዳን ባለው ጣሳ አፍኜ ደጅ አሳድረዋለሁ። ከዚያም በኋላ የራሱ ዕቃ አለው እንጂ ከአዲሱ ጋር አይቀላቀልም።

ደጅ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እየጠፋ ያለ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ብዙ ሰው «ጢሱ አልቋል፣ አሁን ይግባ» ይላል። ጢሱ ማለቁ ጋዙ አልቋል ማለት አይደለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከመጣ ሁሉም ሰው ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት አለበት። እኔን የገረመኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራው ጥራጥሬ መሰል ማገዶ፣ ፔሌት የሚሉት፣ ሳይነድም በተዘጋ ማከማቻ ውስጥ ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ማከማቻው ውስጥ ገብተው የሞቱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በር ከፍቶ ማናፈስ ነው። ፔሌት ውሃ ከነካው እንደ እንጨት አይደርቅም፣ አብጦ ይፈርሳል።

«እኛ ግቢ የለንም፣ ይህ ሁሉ የት ይሠራል?» የሚል አንባቢ አለ። ልክ ነው። ልጄም ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። የእሷ መፍትሔ ጥቂት ጥቂት መግዛትና ክዳን ባለው የብረት ዕቃ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ሆነ። ጎረቤቶቿ ግን ከሰላቸውን የሚያስቀምጡት ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው መታጠፊያ ላይ፣ ከመብራት ቆጣሪው ሥር ነው። ባለፈው ስሄድ ሜትር ይዤ ሄድኩ። ደረጃው 110 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሁለቱ ጆንያዎች 45ቱን ይዘዋል። ከአራተኛና ከአምስተኛ ፎቅ የሚወርድ ሰው ሌላ መውጫ የለውም። ይህን በትሕትና ነገርኳቸው። «ዝናብ እንዳይነካው ነው፣ አባባ» አሉኝ። ልጄም «አባዬ፣ አታሳፍረኝ» ብላ ጎተተችኝ።

ጎረቤቶቿ ጋዜጣችሁን እንደሚያነቡ ደረጃው ላይ ካየሁት ቅጂ አውቄያለሁ። ደብዳቤዬን ካወጣችሁልኝ እባካችሁ የደረጃውን ነገር አትቁረጡብኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ስለምሄድ፣ ሜትሬን ይዤ አያለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛው የሂሳብ ሠራተኛ