ለደንበኞቻችን፦ ሳይታሸግ ስለሚገባው ዳታ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን «ምን አጥፍተን ነው?» የሚል ስልክ በዝቶብናል። «መሣሪያዎ ከሰርቨራችን ጋር ያለ ምስጠራ እየተገናኘ ነው» ብለን ልከንላችሁ ሌላ ምንም አላልንም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አሁን እናብራራ።

ድሬ ላይ ፖርት ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ጅቡቲ ነው። ሰርቨርም የራሱ ፖርቶች አሉት፤ ዳታ የሚገባባቸው፣ በቁጥር የሚጠሩ በሮች ናቸው። በ443 የሚገባው ዳታ በምስጠራ ተቆልፎ ስለሚመጣ እንደታሸገ ኮንቴይነር ነው፤ መንገደኛው መኪናውን ያያል እንጂ ጭነቱን አያይም። በ80 የሚገባው ግን ሸራ እንኳ አልለበሰም። በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ነገረኛ፣ ማኪያቶውን እየጠጣ ፓስወርዳችሁን ሊያነበው ይችላል።

ማን በየትኛው እንደሚገባ ለማወቅ የሰርቨሩን ሎግ፣ ማለትም የገባውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ አገላበጥን። መጀመሪያ ክው አልን፤ ሁሉም ሰው ያለ ምስጠራ የሚገባ ይመስላል። ኋላ ነው የገባን። ምስጠራውን የሚፈታው ከፊት የቆመው ማሽን ነው። ፈትቶ ሲያቀብለው የውስጡ ሰርቨር ሁሉንም «ኤችቲቲፒ» (ያለ ምስጠራ የመጣ) ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ፊተኛው ማሽን ራሱ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ በየትኛው ፖርት እንደመጣ እንዲጽፍ አደረግን። (መጀመሪያ የተያዘው የራሳችን ቢሮ ኮምፒውተር ነው። ይሁን።)

በ80 የመጣ ሁሉ አያሳስብም። አድራሻውን ብሮውዘር ላይ በእጁ የጻፈ ሰው አንዴ በ80 ብቅ ሊል ይችላል፤ 301፣ ማለትም «በዚያ በኩል ዙር» የሚል መልስ ይሰጠውና ወዲያው ወደ 443 ይዞራል። የሚያሳስበን በየአምስት ደቂቃው በ80 የሚመላለስ ፕሮግራም ነው። እሱን «በዚያ በኩል ዙር» ማለት አይጠቅምም። ፓስወርዱን ከጥያቄው ጋር ይዞት ስለሚመጣ፣ እኛ እስክንመልስለት መንገድ ላይ ታይቷል።

ሳቢያን ካለ አንድ ሱቅ የሚመጣ ታብሌት እንዲህ ሲያደርግ አገኘነውና ሄደን አየነው። ቀኑን በእጅ የሞላው ሰው የእኛን ዓመተ ምህረት አስገብቶበታል። ታብሌቱ ግን 2018ን የሚያውቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የሰርቨሩ ሰርተፍኬት (ማንነቱን የሚያሳይበት፣ ቀን ያለው መታወቂያው) «ገና ወደፊት የሚወጣ» ሆኖበት አልገናኝም አለ። አንድ የቸኮለ ቴክኒሻን ደግሞ አድራሻው ላይ ካለው ኤችቲቲፒኤስ መጨረሻውን፣ ምስጠራ መኖሩን የሚያመለክተውን ኤስ አጠፋ። ሠራ! ከዚያ ወዲህ የዕለቱ ሽያጭ ከነፓስወርዱ ተገልጦ ይጓዝ ነበር።

ከኅዳር 1 ጀምሮ ፕሮግራሞች በሚገቡበት አድራሻ ላይ 80ን እንዘጋለን። ሲዘጋ ፕሮግራሙ ምንም ሳይልክ ይመለሳል፤ እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ዌብሳይታችሁን በብሮውዘር ለሚከፍት ሰው የሚቀየር ነገር የለም።

መልእክታችን የደረሳችሁ፣ መጀመሪያ የመሣሪያውን ቀን እዩ። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ያለው የሰርቨር አድራሻ በኤችቲቲፒኤስ መጀመሩን አረጋግጡ። ፓስወርድ የምትቀይሩት ከዚያ በኋላ ነው። አስቀድማችሁ ከቀየራችሁት አዲሱም እንደ አሮጌው ተገልጦ ይሄዳል።

ካስቸገራችሁ መሣሪያውን ይዛችሁ ከዚራ ቢሮአችን ብቅ በሉ። ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ጠዋት ቢሆን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴክኒክ ክፍሉ ባልደረቦች
ድሬዳዋ