የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ጨዋታውን መሃል ላይ የሚያቋርጠው ማን ነው?

በመስከረም ወር ክበባችን የኮምፒዩተር ጨዋታን የዓመቱ ሥራ አድርጎ ሲመርጥ «የኮምፒዩተር ላቡ ጌም ቤት ሊሆን ነው» የሚል ቅሬታ ከመምህራንም ከወላጆችም ደርሶናል። ቅሬታው ለልጆቹ ከማሰብ የመጣ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። 31ዱ አባላት ዓመቱን ሙሉ የደከሙት አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ስክሪኑን የሚነጥቀው፣ ማሽኑን የሚያንቀራፍፈው ከጀርባ ያለው ፕሮግራም የትኛው ነው? እንዴትስ ይቆማል? ጽሑፍ የሚተይብ ተማሪ ኮምፒዩተሩ ለ2 ሰከንድ ቢደነዝዝ ልብ ላይለው ይችላል። መኪና የሚነዳው ተጫዋች ግን በዚያች 2 ሰከንድ ከመንገድ ወጥቷል። ጨዋታ የማሽንን ሕመም ቶሎ የሚያወጣ መመርመሪያ ነው፤ የመረጥነውም ለዚሁ ነው።

ላቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። 22 ኮምፒዩተሮች፣ ባለ 4 ጊጋባይት ራም፣ ሁሉም በሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ የሚሠሩ፣ ዊንዶውስ 10 የተጫነባቸው ናቸው። የተጫወትናቸው ሁለት ነፃ ጨዋታዎች ሱፐርታክስካርት እና ማይንቴስት (አሁን ስሙ ሉዋንቲ ነው) ሲሆኑ ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት በላቡ ኔትወርክ ብቻ ይሠራሉ። ዘወትር ዓርብ ከ9፡30 እስከ 11፡00 ተሰብስበናል፤ ኮሚቴ ተመርጧል፣ ቃለ ጉባኤው ተሟልቶ ተይዟል፣ 4 ጊዜ መብራት ባለመኖሩ ተበትነናል።

መጀመሪያ የተያዘው ቀላሉ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ በመጫን ታስክ ማኔጀርን ከፍተን «ስታርትአፕ» የሚለውን ገጽ አየን። ማሽኑ ሲበራ አብረው የሚነሱት የመልእክት፣ የፋይል ማመሳሰያና የማዘመኛ ፕሮግራሞች እዚያ ተደርድረዋል። ማጥፋት ማለት ከኮምፒዩተሩ መሰረዝ አይደለም፤ «ዲሴብል» ሲባል ፕሮግራሙ ተፈልጎ እስኪከፈት ዝም ብሎ ይቀመጣል። የጸረ ቫይረሱን ግን እንዳይነኩ አጥብቀን ከልክለናል። አንዳንድ አባላት ፍጥነት ፍለጋ እሱንም ሊያጠፉት ፈልገው ነበር፤ በየቀኑ ስንት ፍላሽ እንደሚሰካና ሾርትከት ቫይረስ የስንቱን ተማሪ የቤት ሥራ እንደደበቀ ለሚያውቅ ሰው ይህ የማይታሰብ ነው። መፍትሔው የፍተሻውን ሰዓት ማዛወር ሆነ። ሥራዎችን በተቀጠረላቸው ሰዓት በሚያስነሳው ታስክ ስኬጁለር ውስጥ በዊንዶውስ ዲፌንደር ሥር ያለውን የፍተሻ ታስክ ከፍተን «ትሪገር» በሚለው ገጽ ከትምህርትና ከክበብ ሰዓት ውጭ፣ ላቡ ክፍት በሚሆንበት ቅዳሜ ጠዋት እንዲነሳ አደረግነው።

ከዚያ ወደ ሴቲንግስ ሄድን። በ«ጌሚንግ» ሥር ያለው ጌም ሞድ ሲበራ በጨዋታ መሃል የድራይቨር ጭነትና የዳግም ማስነሻ ማሳሰቢያ አይመጣም፤ ራም ይጨምራል ብሎ የሚጠብቅ ግን ይከፋል። እዚያው «ካፕቸርስ» ውስጥ ጨዋታን ከጀርባ የሚቀዳው ማብሪያ በ3 ማሽኖች ላይ በርቶ ተገኝቷል። ሀርድ ዲስኩ ጨዋታውን እያነበበ ቪዲዮም ሲጽፍ ታስክ ማኔጀር ላይ ዲስኩ 100% የሚሆነው ለዚህ ነበር። በ«ሲስተም» ሥር ፎከስ አሲስት የሚባለው ደግሞ ጨዋታ ሲጀመር ማሳወቂያዎችን በራሱ ዝም የሚያሰኝ ደንብ አለው፤ እሱን አበራን።

በጣም ያደከመን ግን ፕሮግራም ሳይሆን ቁልፍ ሰሌዳው ነው። ማይንቴስት ላይ በቀስታ ለመራመድ ሺፍት ይጫናል፤ 5 ጊዜ ተከታትሎ ሲጫን «ስቲኪ ኪይስ» የሚል ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ይደቀናል። ይህ አገልግሎት ሁለት ቁልፎችን ባንድ ጊዜ መጫን ለሚያስቸግራቸው ሰዎች የተሠራ ስለሆነ አገልግሎቱን ትተን አቋራጩን ብቻ አጠፋን፤ የሚያስፈልገው ተማሪ «ኢዝ ኦፍ አክሰስ» ገብቶ ያበራዋል። ሁለተኛው ችግር የራሳችን ነው። ሚኒ ሚዲያ ክበብ ዜናውን በአማርኛ የሚተይበው በእነዚሁ ማሽኖች ነው። አልትና ሺፍት አንድ ላይ ሲነኩ ሰሌዳው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይዞራል፤ ያን ጊዜ የመራመጃ ቁልፎቹ ፊደል ይሆኑና ተጫዋቹ ባለበት ይገተራል። ብዙ ተማሪ ጌሙ ሃንግ ያደረገ እየመሰለው ማሽኑን ያጠፋ ነበር። በ«ዲቫይስስ»፣ «ታይፒንግ»፣ «አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ» በኩል ገብተን የቋንቋ መቀያየሪያውን የአልትና ሺፍት ጥምረት «ኖት አሳይንድ» አደረግነው። ሚኒ ሚዲያዎች አሁን በዊንዶውስ ቁልፍና በስፔስ ይቀይራሉ። በዚያው ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ መስኮት የየራሱን ቋንቋ የሚይዝ ምርጫ ስላለ እሱንም ምልክት አድርገንበታል።

በኅዳር ወር የሠራነውን ስህተት አንደብቅም። ዊንዶውስ 10 ዝማኔን ማዘግየት የሚፈቅደው ለ35 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሳይዘምን ዳግም አይዘገይም። እኛ 22ቱንም በአንድ ቀን አዘገየናቸው። ቀኑ ሲሞላ ሁሉም ባንድ ጊዜ ማውረድ ጀመሩና የትምህርት ቤቱ አንድ መስመር ተጨናነቀ፤ ሪከርድ ክፍል የተማሪ ምዝገባ ሳይልክ እኩለ ቀን ሆነ። ይቅርታ ጠይቀናል፤ አሠራሩንም ለውጠናል። ማሽኖቹ አሁን በ5 ምድብ ተከፍለዋል። ኔትወርኩ «ሚተርድ» (አጠቃቀሙ በመጠን የሚቆጠር) ተብሎ ስለተመዘገበ አብዛኛው ዝማኔ በራሱ አይወርድም። ተራ የደረሰው ምድብ ዓርብ ከጨዋታ በኋላ ምልክቱ ይነሳለትና ይዘምናል። «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ለላቡ ኔትወርክ ብቻ ስለተፈቀደ አንዱ ያወረደውን ሌላው ከእሱ ይወስዳል። ማሽኑ ለዝማኔ ብሎ ራሱን ዳግም የማያስነሳበት ሰዓት፣ «አክቲቭ አወርስ»፣ ደግሞ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ ምሽቱ 12፡00 ተደርጓል፤ በማሽኑ አቆጣጠር 8 ኤኤም እስከ 6 ፒኤም ማለት ነው። በእኛ ሰዓት የሞላ ተማሪ ስለነበረ አንድ ማሽን በጠራራ ቀን ራሱን አጥፍቶ አስነስቷል።

የሚያዝያውን ጉዞ ግን በዝርዝር ልጽፈው እፈልጋለሁ። ለወዳጅነት ውድድር ወደ ጎረቤት ትምህርት ቤት 6 ሲፒዩ በብርድ ልብስ ጠቅልለን በሚኒባስ ሄድን። ከላቡ የያዝናቸው 5 ብቻ ስለነበሩ ስድስተኛውን ከቤተ መጻሕፍት ተዋስን፤ በዝርዝራችን መሠረት ያልተፈተሸው እሱ ብቻ ነበር። ውድድሩ 3፡30 ተጀመረ። 4፡05 ላይ በተዋስነው ማሽን ላይ ጥቁር መስኮት እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ ጨዋታውም ወደ ታች ወረደ። ሙሉ ስክሪን ይዞ የሚሠራ ጨዋታ ሌላ መስኮት ለቅጽበት እንኳ ከፊቱ ከተከፈተ ቦታውን ይለቃል። 5፡05 ላይ ያው ተደገመ። አስተናጋጆቻችን ቫይረስ ነው አሉ፤ ፎርማት እንዲደረግም መከሩ።

መዝገብ ያዥ ሆና የመጣች የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን ደብተሯን ይዛ ተነሳች። «ቲቸር፣ ልዩነቱ ልክ አንድ ሰዓት ነው» አለች። የተወዳዳሪውን ፈቃድ ጠይቃ ታስክ ስኬጁለርን ከፈተች። በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ «አክቲቭ ታስክስ» የሚለውን ዝርዝር በቀጣይ መነሻ ሰዓቱ ደረደረችው፤ 6 ሰዓት ደምራ 12፡05 የሚለውን ፈለገች። አንድ ብቻ ነበር፤ የቢሮ ሥራ ፕሮግራሞች በየሰዓቱ ራሳቸውን የሚያዩበት ታስክ። ወዲያው አላጠፋችውም። ስሙንና ያለበትን ፎልደር ደብተሯ ላይ ገለበጠች፣ ከዚያ ዲሴብል አደረገችው። «ከተሳሳትኩ እንዲመለስ» አለች።

6፡05 ሲቃረብ አዳራሹ ጨዋታውን ትቶ የግድግዳውን ሰዓት ያይ ነበር። 6፡05 ሆነ። 6፡06 ሆነ። መኪናው መንገዱን ይዞ ቀጠለ፤ የሁለቱም ትምህርት ቤት ተማሪዎች አብረው አጨበጨቡ። ውድድሩን በነጥብ ተሸንፈናል። አስተናጋጁ መምህር ግን የደብተሯን ገጽ ፎቶ አንስቶ አስቀርቷል። እሷም እስከ ጥር ድረስ ኮምፒዩተር ነክታ የማታውቅ ልጅ ነበረች።

አሁን ለትምህርት ቤቱ ወደምናቀርበው ጥያቄ። ማስተካከያ የሚያደርሰው እስከ አንድ ልክ ነው። በሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ላይ ፋይሎችን ለፍለጋ የሚመዘግበው የዊንዶውስ ማውጫ ሥራ በጀመረ ቁጥር ጨዋታውም ይንገዳገዳል፣ የሒሳብ ማስተማሪያውም እንዲሁ። ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ለ10 ማሽኖች ቢገዛልን ልጆቹ ራሳቸው ይገጥሙታል፤ ለቴክኒሻን የሚከፈል የለም። ባለፈው ዓመት የጠየቅነው የባትሪ ዩፒኤስ እስካሁን አልመጣም፤ ጨዋታን በድንገት ከሚያቋርጡት ሁሉ ሶፍትዌር ያልሆነው መብራት ብቻ ነውና አሁንም እንጠይቃለን።

ጊዜውም አጭር ነው። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ የደኅንነት ዝማኔ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ የሚጠይቅ በመሆኑ ማሽኖቻችን አይቀበሉትም። ስለዚህ በ2 ኮምፒዩተሮች ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነፃ ሥርዓት ጭነን ሁለቱንም ጨዋታዎች ሞክረናል፤ ሠርተዋል። የቀሩት 20 ከመስከረም በፊት እንዲያልቁ ላቡ በክረምት በሳምንት 2 ቀን ይከፈትልን። 9 አባላት ለመምጣት ስማቸውን አስመዝግበዋል፤ የሚቀረው የቁልፉ ፈቃድ ነው።