የባዮሎጂ ክበብ ዘገባ፦ ከቆሮሶ ወደ ባሕር ወለል

የ2017 ዓ.ም ሥራችን የተጀመረው ከሐይቅ በመጣ ቆሮሶ ነው። ጥቅምት ላይ አሳውን ስንከፍት የአየር ከረጢቱ ብቅ አለ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ይኼ የሌለው አሳስ?» አለችኝ። «ይሰምጣል» አልኳት። ግን ሰምጦ የሚኖር አሳ እንዳለ አውቃለሁና መልሴ አላረካኝም። ዓመቱን በእሱ ያዝነው።

ያ አሳ የአየር ከረጢት የሌለው፣ በባሕር ወለል ላይ የሚኖር ጠፍጣፋ አሳ ነው፤ የእንግሊዝኛ ስሙ (skate) በፊደላችን «ስኬት» እንዳይሆን «ስኬይት» ብለን ጻፍነው። ከዝርያዎቹ የመረጥነው በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚገኘውን ፍላፐር ስኬይት ነው። ርዝመቱ ከ2 ሜትር ያልፋል። በሰልፍ ሜዳው ላይ በልኩ በኖራ ስንስለው ግማሹ ትምህርት ቤት ሊያይ መጣ፤ ማታ የጦሳ ዝናብ አጠበው፤ በነጋታው ደግመን ሳልነው።

ብዙ ሳምንት የወሰደብን አተነፋፈሱ ነው። አፉም ስንጥቦቹም በሆዱ በኩል ናቸው። አሸዋ ላይ ተለጥፎ በአፉ ውሃ ቢስብ አሸዋውም አብሮ ይገባል። ልጆቹ ሥዕሉን ሲመረምሩ ከዓይኖቹ ኋላ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች አስተዋሉ፤ ውሃው ከላይ በእነዚያ ገብቶ በአምስት ጥንድ ስንጥቦች ወደ ታች እንደሚወጣ ሳልነግራቸው ደረሱበት። ከዓመቱ ሁሉ የምኮራው በዚያች ቀን ነው።

አጽሙ እንደ ጆሯችን ቅጠል ካርቲሌጅ ነው። አሸዋ ውስጥ የተደበቀውን ሸርጣን የሚያገኘው፣ አፍንጫው አካባቢ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሸርጣኑን ደካማ ኤሌክትሪክ ተሰምቶት ነው። የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ የፊዚክስ መምህራችን በባትሪና በአምፖል አሳይተውናል።

የሐይቅ ጉዟችን መኪና ባለመገኘቱ ቀርቷል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ እንቁላሉ ገባን። ስኬይት እንቁላሉን አራት ቀንድ ባለው ጠንካራ ከረጢት ውስጥ ይጥላል። ፍላፐር ስኬይት የሚመርጠው ደለል ያልሸፈነውን፣ ውሃ የሚመላለስበትን ድንጋያማ ወለል ነው። ፅንሱ ለመፈልፈል 18 ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ የተፈለፈለውም ለመራባት ከአስር ዓመት በላይ ይቆያል። በመረብ ሲያልቅ ቶሎ የማይተካው ለዚህ ነው። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሎክ ሱናርት እስከ ጁራ ያለውን ባሕር ለእሱ ብላ መከለሏን ስነግራቸው ልጆቹ አጨበጨቡ።

ከካርቶን የሠሩትን ከረጢት ላብራቶሪው ግድግዳ ላይ ሰቅለው ከሥሩ «የተጣለበት፦ መስከረም 2017፤ የሚፈለፈልበት፦ መጋቢት 2018» ብለው ጽፈዋል። የ12ኛ ክፍል አባላት ያን ጊዜ እዚህ ስለማይኖሩ አደራውን ለ10ኛዎቹ ሰጥተዋል።