ለእትዬ፣ ስለዚያ የእግር ጉዞ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ጉልበትሽ ክረምቱን እንዴት አደረገሽ? እኔ አምላክ ይመስገን ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ሥራዬም እንደ ድሮው የሌሊት ነው።

ባለፈው በስልክ ስትቆጪኝ መስመሩ ተቋረጠ። ባይቋረጥም ኖሮ እንዲህ ያለውን ነገር ቆሞ በስልክ መጨረስ አይቻልም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። እዚህ ለንደን፣ በዚያ የእግር ጉዞ ላይ የዚምባብዌ ባንዲራ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ስዘፍን የሚያሳየውን ፎቶ ሕይወት ካሳየችሽ ወዲህ፣ «የራሳችን መከራ መች አነሰንና ነው ለሰው አገር ዝናብ የሚደበድብህ?» ብለሻል። ቀጥለሽም «እዚያ አገር ማን እንደተቀመጠ ረሳኸው?» አልሽኝ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ማለትሽ ነው፤ አልረሳሁትም እትዬ። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር እየጻፍኩ ላስረዳሽ።

እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊቱን አብረውኝ የሚያድሩት አብዛኞቹ ዚምባብዌያውያን ናቸው። አንዱ አገሩ ላይ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፣ አንዷ ባንክ ትሠራ ነበር፤ እዚህ ሽማግሌ እናገላብጣለን። አስተማሪው በ2001 አገሩ ያተመችውን የመቶ ትሪሊዮን ዶላር ኖት በኪስ ቦርሳው ይዞ ይዞራል። የተደራረቡ ድንጋዮች ሥዕል አለበት፤ ከአንዱ ቀጥሎ አሥራ አራት ዜሮ ተደርድሯል። ደመወዙን በጠዋት ተቀብሎ ማታ ዳቦ መግዛት እንዳቃተው ሲነግረኝ ይስቃል። ወደ ጉዞው የጠራኝ እሱ ነው።

ፈረንጅ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ሲያሰባስብ ዝም ብሎ «ስጡኝ» አይልም፤ ሰውነቱን ያደክማል። ይሮጣል፣ ይዋኛል፣ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል፤ ወዳጅ ዘመድ ደግሞ «ከጨረስክ ይህን ያህል ፓውንድ አለኝ» ብሎ ቃል ይገባለታል። እንግዳ ነገር ሊመስልሽ ይችላል እንጂ፣ አንቺስ ተስለሽ ግሸንን በእግርሽ ወጥተሽ የለ? ዚምባብዌያውያኑ ይህን ልማድ ወስደው የራሳቸው አድርገውታል። የታሰረና የጠፋ ሰው ስም የተጻፈበት ካርቶን ይዘው፣ ከበሮ እየመቱ፣ አላፊ አግዳሚው ሲጠይቃቸው እያስረዱ ከከተማ ከተማ ይሄዳሉ። የእኛው ጉዞ ከዊንዘር ተነሥቶ የቴምስን ወንዝ ዳር ዳሩን እየተከተለ መሃል ለንደን፣ ስትራንድ መንገድ ላይ ካለው ኤምባሲያቸው በር የሚያልቅ ነበር፤ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ማታ ማታ በባቡር ወደየቤታችን እንመለሳለን፣ ጠዋት ካቆምንበት እንቀጥላለን። እግሬ ውሃ ቋጥሮ ለሳምንት ያህል በነጠላ ጫማ ነው ሥራ የገባሁት።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የዚህ አገር ሕግ በጎ አድራጎትንና ፖለቲካን ይለያል። ዓላማው ፖለቲካ የሆነ ማኅበር በጎ አድራጎት ተብሎ አይመዘገብም። ስለዚህ በባልዲውና በቃል ኪዳን የሚሰበሰበው ለመድኃኒት፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእስረኛ ቤተሰብ ለሚቀምሰው ይሄዳል፤ መፈክሩ ለብቻው ነው። ወረቀት ላይ ነገሩ ግልጽ ነው። አባቱ ሰልፍ ወጣ ተብሎ ታስሮበት ደብተር ያጣ ልጅ ዘንድ ስትደርሺ ግን የቱ ምጽዋት፣ የቱ ፖለቲካ እንደሆነ እኔ መለየት አልችልም።

ሐሜቱንም ልንገርሽ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው። «ለወረቀት ነው የሚራመዱት» ይባላል። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ፎቶ ከተነሣ ለጉዳዩ ማስረጃ ይሆነዋል። እንዲህ ያሉ አሉ፣ አልዋሽሽም። የእኛስ ሰው ኤምባሲያችን በር ላይ የተነሣው ፎቶ ሁሉ ለአገር ፍቅር ነበር? ጥገኝነት ጠያቂ በአብዛኛው እንዲሠራ አይፈቀድለትም፤ መንግሥት በሳምንት 50 ፓውንድ የማይሞላ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ላይ ነው የባቡር የሚከፍለው። በሌላ በኩል ደግሞ ካሜራ ሲወጣ ፊታቸውን በሻርፕ የሚሸፍኑ ነበሩ። ሐምሌ 2015 ላይ መንግሥታቸው «የአገርን ሉዓላዊነትና ጥቅም መጉዳት» የሚል ወንጀል በሕግ አስገባ፤ እዚህ የተነሣ ፎቶ እዚያ ያለችውን እናታቸውን እንዳያስጠይቃት ይፈራሉ። ለወረቀት የመጣ ሰው ፊቱን አይሸፍንም መቼስ።

ከፊታችን የሚሄደው ሰው አንገቱ ላይ በላስቲክ የተለበጠ ፎቶ አንጠልጥሎ ነበር። ኢታይ ድዛማራ የሚባል ጋዜጠኛ ነው፤ ዋና ከተማቸው ሐራሬ መሃል ባለው አደባባይ ከጥቂት ሰዎች ጋር ተቀምጦ የያኔውን ፕሬዚዳንት «ሙጋቤ ይውረድ» ይል የነበረ። የካቲት 30 ቀን 2007 ፀጉር ቤት እንደገባ ሰዎች መጥተው ወሰዱት፤ ያ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የለም። ዝናቡ ላስቲኩ ላይ ሲጠራቀም ሰውየው እየቆመ በእጅጌው ይጠርገዋል። ከኋላ ያለነውም አብረን እንቆማለን፣ ማንም ቶሎ በል አይለውም። እኔ እያየሁት ወንድማችንን ጋሼ መኮንንን ነው የማስበው፤ «ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» ያሉሽን።

ምሳ ያረፍነው ራኒሚድ የሚባል ሜዳ ላይ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን በፈረንጅ 1215 ሥልጣኑን የሚገድበውን ማግና ካርታን ተገዶ ማኅተም ያሳረፈበት ቦታ ነው። አስተማሪው ይህን ሊተርክልን ገና ሲጀምር ጠብ ተነሣ። ሳድዛ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ከነዶሮው አውጥተን ልንበላ ስንል፣ ከደቡብ ምዕራቡ ክፍል፣ ከማታቤሌላንድ የመጣች አንዲት ሴት የሰልፉን ትልቅ ጨርቅ እያሳየች «ይህ ዝርዝር የሚጀምረው ከ2000 ነው» አለች፤ በፈረንጅ ማለቷ ነው። ተቃዋሚው ፓርቲ ከተቋቋመ በኋላ የሞቱትን ብቻ ነው የሚያነሣው። የእሷ አባት የጠፋው ከዚያ በፊት ነው። ጉኩራሁንዲ ይሉታል። በእኛ 1975 ላይ ሙጋቤ በሰሜን ኮሪያ ሰዎች የሠለጠነ አምስተኛ ብርጌድ የሚባል ጦር ወደ እነሱ አገር ላከ፤ እስከ 1980 ድረስ በቆየው ዘመቻ የተገደለውን ብዙዎች እስከ 20,000 ያደርሱታል። ቾሎቾ በምትባለው ወረዳ ሰው ጉድጓድ ቆፍር እየተባለ እዚያው ይቀበር እንደነበር እየማለች ተናገረች። ያኔ የደኅንነት ሚኒስትር የነበረው ሰው፣ ምናንጋግዋ፣ ዛሬ ፕሬዚዳንት ነው።

አንድ የሐራሬ ልጅ «አሁን ይህን አናንሣው፤ አንድነታችን ይበተናል» አላት። እትዬ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ስንት ስብሰባ ላይ ሰምቼዋለሁ! ሳቄ መጣ፣ ግን የሚያስቅ አልነበረም። «መከራ የሚጀምረው እናንተ ቤት ሲገባ ነው?» ብላ መለሰችለትና ከሰዓቱን ሁሉ ከሰልፉ ኋላ ብቻዋን ሄደች። በማግስቱ «1983» ብቻ የተጻፈበት ካርቶን ይዛ መጣች፤ በፈረንጅ ነው፣ የእኛ 1975። ደጋፊም ሆነ ተቃዋሚ አልመጣላትም፤ ያቺን ካርቶን ግን ማንም አውርጂ አላላትም። እኔ ከዚህ ሰልፍ የወደድኩት ይህን ነው። ተጣልተውም አብረው ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መሃላችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ለነፃነት ጦርነቱ ጫካ የገቡ ታጋይ። ከየት እንደሆንኩ ጠይቀውኝ ኢትዮጵያ ስላቸው ቆመው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ደርግ የሙጋቤን ታጋዮች ያሠለጥን እንደነበር ታውቂያለሽ፤ እሳቸውም ጠመንጃ መፍታትና መግጠም የተማሩት በ1970 ገደማ እኛ አገር ነው። ብርዱንና በርበሬውን አልረሱትም። በርበሬው እንዳስለቀሳቸው፣ የሚያበስሉት ሴቶች እንደሳቁባቸው እየነገሩኝ ብዙ መንገድ ሄድን። ከሪችመንድ አለፍ እንዳልን እኔም በዚያው ዓመት ወንድሜ ከቤት እንደተወሰደ ነገርኳቸው። «ማን ወሰደው?» አሉኝ። «አሁን እናንተ አገር በእንግድነት የተቀመጠው ሰው መንግሥት» አልኳቸው።

ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። በኋላ «እኛ አላወቅንም ነበር። ከግቢ አያስወጡንም» አሉ። ትንሽ ሄድ ብለው ደግሞ «ለማወቅ የፈለገም አልነበረም» አሉኝ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ግን ይህችን ሁለተኛዋን ቃል ከእኛዎቹ ባለሥልጣናት ከአንዱ ሰምቼ አላውቅም።

መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ከአገር ከወጣ ወዲህ ሐራሬ ነው። ፍርድ ቤታችን በ1999 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ አለው፣ በ2000 በይግባኝ ሞት ፈረደበት፤ እነሱ ግን «በትግላችን ጊዜ የረዳን ወዳጅ ነው» ብለው አሳልፈው አልሰጡም። ኅዳር 12 ቀን 2010 ሙጋቤ ሲወርድ አንቺም እኔም ተስፋ አድርገን ነበር፤ የመጣው ግን የዚያው ቤት ሰው ስለሆነ እንግዳውም አልተነካ። ያን ፎቶ ታስታውሻለሽ፣ በዚያው ዓመት ክረምት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትራችን ምርጫ ሊታዘቡ ሄደው ከእሱ ጋር የተነሡትን? አንቺ ሦስት ቀን እህል አልቀመስሽም ነበር። ያ ምርጫ ሐምሌ 23 ነበር፤ ሐምሌ 25 ወታደሮች ሐራሬ መንገድ ላይ ተኩሰው ስድስት ሰው ገደሉ። አብረውኝ የተራመዱት የእነዚያ ስድስት ሰዎችን ስም ይዘው ነው። እንግዲህ የራሱን ሕዝብ ገዳይ የማይጠይቅ መንግሥት የእኛን ገዳይ ይጠይቅልናል? እነሱ ለራሳቸው የሚጠይቅላቸው ዳኛ ያገኙ ዕለት ነው የእኛም ጉዳይ የሚነሣው። ለሰው አገር አልተራመድኩም የምልሽ ለዚህ ነው። ሰውየው ከሰማንያ አልፏል፤ ከዚያ ቀድሞ ይሞት ይሆናል። እሱንም አስቤዋለሁ።

ስትራንድ የደረስነው ቅዳሜ ነበር፤ ኤምባሲው ዝግ ነው። ለተዘጋ በር ነው የዘፈንነው ብልሽ አልዋሸሁም። በዚያ በር ላይ ከጥቅምት 1995 ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እየቆሙ ሲዘፍኑ ኖረዋል። ሕንፃው ፎቁ ላይ ዙሪያውን ራቁታቸውን የቆሙ የድንጋይ ሰዎች አሉበት፤ ፊታቸው ተፈልጧል፣ እጅ እግራቸው ተቆርጧል። ቅኝ ገዢዎቹ ናቸው ሕንፃውን ሲይዙ በፈረንጅ 1937 ያስቆረጡት፣ ድንጋዩ ሰው ላይ ይወድቃል ብለው። አንዲት ልጅ ወደ ላይ አንጋጣ «እነዚህንም እኛው ነን የፈነከትናቸው?» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ፖሊስ ነበረ፤ የመጣው መኪና እንዳይገጨን ነው።

ውጭ ያለ ዚምባብዌያዊ የመንግሥት ሠራተኛ ካልሆነ በስተቀር አይመርጥም። የሚልከው ገንዘብ ግን ይፈለጋል። የእኛም ነገር ከዚህ አይርቅም። ድምፅ የሌለው ሰው በእግሩ ይናገር ብሎ የጀመረው ማን እንደሆነ ባላውቅም ነገሩ ገብቶኛል።

እትዬ፣ ሐሳብሽን ለማስቀየር ብዬ አይደለም ይህን ሁሉ የጻፍኩት። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ሽማግሌው በሚቀጥለው ጉዞ የወንድሜን ፎቶ ይዤ እንድመጣ፣ እዚያ በር ላይም በኢትዮጵያውያን ስም እንድናገር ጠይቀውኛል። ያቺን የተማሪ መታወቂያው ላይ ያለችውን፣ መጽሐፍ ቅዱስሽ ውስጥ የምታስቀምጫትን፣ ሕይወት በስልኳ አንሥታ ትላክልኝ። «ስሙ በፈረንጅ አደባባይ አይጎተትብኝ» ካልሽ እተወዋለሁ፤ ለእሱ ከእኔ በላይ የለፋሽው አንቺ ነሽ። ብቻ እሺም ሆነ እምቢ፣ ዝም አትበይኝ።

የደም ግፊት መድኃኒትሽን የአቶ ግርማ ልጅ በጥቅምት ሲመጣ ይዞልሽ ይመጣል፤ ባለፈው የላክሁት እስኪያልቅ እየቆጠብሽ እንዳትውጪ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው ነው። ለሕይወት የትምህርት ቤት ብሩን በባንክ አስገብቻለሁ። ለጋሽ አበራና ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የሚያከብርሽና የሚወድሽ ወንድምሽ፣
ተስፋዬ
ለንደን፣ መስከረም