ባልዲውን እንዳትመልሺው

ይድረስ ለልጄ ለሚጡዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ደረጃ ላይ ያስቸግራታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

ወንድምሽ ያመጣልሽን ነጭ ባልዲ ባዶውን ልልከው ነበር። እናትሽ «ለሙሽራ ባዶ ዕቃ አይላክም» ብላ ተቆጣችና ሽሮ ጨመረችበት። ሽሮውን ገልብጪው፤ ባልዲው ለእኔ ጉዳይ ነው። ብሎካችን ቀለም ሲቀባ የተረፈ ነው፤ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ክዳኑ ጥብቅ ነው፤ የፈለግሁትም ለክዳኑ ነው። በስልክ ላስረዳሽ አስቤ ነበር። ግን ስለ ቆሻሻ ሳነሳ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» እያልሽ ወደ ሌላ ወሬ ትወስጂኛለሽ። ደብዳቤን እንደዚያ ማድረግ አይቻልም።

መጀመሪያ ግን ቅሬታዬን ላውጣ። ሽማግሌ የመጣ ቀን በረንዳ ላይ የነበረውን ሦስት ማዳበሪያ ሃይላንድ ሳታማክሪኝ መታጠቢያ ቤት ከተትሽው። ያ ጋቢ የለበሱት ረጅሙ ሽማግሌ እጃቸውን ሊታጠቡ በሩን ሲከፍቱ ማዳበሪያው ተገለበጠ። ሃይላንዱ እስከ ሳሎን ተንከባለለ። አንዱ እግሬ ሥር መጥቶ ቆመ። አንቺ ኩሽና ውስጥ ፊትሽን በነጠላሽ ሸፈንሽ። ሰውየው ግን ጎንበስ ብለው አንዱን አነሱና «እናንተ ሰፈር በኪሎ ነው በፍሬ የሚወስዱት?» አሉኝ። ልጄን ለእነዚህ ሰዎች ለመስጠት የወሰንኩት ያኔ ነው። ለእናትሽ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

በማፈርሽ አልፈርድብሽም። ስምንተኛ ክፍል እያለሽ ቅጹ ላይ የአባት ሥራ በሚለው ቦታ «ሹፌር» ብለሽ ሞላሽ። ውሸት አይደለም። የምን መኪና እንደሆነ አንቺም አልተናገርሽም፣ ማንም አልጠየቀሽም። እኔም ወላጅ ስብሰባ ሲኖር ቀድሜ ቤት ገብቼ፣ ሁለት ጊዜ ታጥቤ፣ ኮት ለውጬ ነበር የምመጣው። ስለዚህ እኩል ነን።

ከ19 ዓመት የቆሻሻ መኪና ሹፌርነት የተረፈኝን እውቀት ላውርስሽ ነው አሁን የተነሳሁት። ሌላ የማወርሰው ብዙ የለኝም።

ገንዳ ሲነሳ ድምፁን ሰምቼ ምን እንደያዘ አውቅ ነበር። ካርቶንና ሃይላንድ የበዛበት ገንዳ ይንኳኳል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የተበላሸ እንጀራ የሞላው ግን ድምፅ የለውም። መኪናው ወደ ኋላ ቁጭ ይላል፣ ሞተሩ ያቃስታል። መንገድ ላይ ደግሞ ጥቁር ውሃ እያንጠባጠበ ይሄዳል። ከኋላዬ ያለው የሚኒባስ ሹፌር መስኮቱን ዘግቶ ጥሩምባ ይነፋብኛል፤ ወጡን እኔ የደፋሁት ይመስል።

የበዓል ማግስትማ አይነሳ። ድሮ የበግ ቆዳ ገና ሳይቀዘቅዝ የሚወስደው ሰው በር ላይ ይመጣ ነበር። የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ግን የፋሲካው ቆዳ ከነደሙ ገንዳ ይገባ ጀመር። ቆዳው ያው የበግ ቆዳ ነው። የጠፋው ገዢው ነው። ከዚያ በኋላ ገንዳ ባየሁ ቁጥር የማስበው ይህንኑ ሆነ፤ እዚህ ውስጥ ያለው ሁሉ ገዢ ያጣ ነገር ነው።

ቆሼን በስም እንጂ በዓይንሽ አላየሽውም። ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተቆለለበት ተራራ ነው፤ ከ30 ሄክታር በላይ ይሆናል። መኪናዬ ገና ሲደርስ ጫፉ የታጠፈ ብረት የያዙ ሰዎች ይከቡታል። ብረቱን፣ ላስቲኩን፣ ሃይላንዱን እንደ ቡና ይለቅሙታል። ማንም የማይነካው እርጥቡን ነው። እሱ እዚያው ይቀራል፣ ሌላ ይደፋበታል፣ አየር ያጣል፣ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይሆናል። በበጋ ፀሐይ ከሥሩ ሲጨስ ታይዋለሽ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ያ ተራራ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። አንቺ ያን ሰሞን «አባዬ ለምን ራት አትበላም?» ትይኝ ነበር። ለምን እንደተናደ ባለሙያ ይናገር። እኔ በሐሳቤ እዚያ ያራገፍኩትን ጭነት እየቆጠርኩ ነበር። በቀን ሦስት፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በዓመት... ቆጠራውን አልጨረስኩትም።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሰንዳፋ አዲስ ማስወገጃ ተከፍቶልን ነበር። መንገዳችን በለገጣፎ ነው፤ አሁን ከምንኖርበት ከየካ አባዶ ሩቅ አይደለም። የሄድነው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውንና ወደ ውሃቸው የሚገባውን ፍሳሽ አንችልም አሉ። አንዱ መኪናዬን አስቆመኝ። ይሰድበኛል ስል በእጁ ወንዙን አሳየኝ፤ ከዚያ ላሞቹን። ኦሮምኛዬ እንደምታውቂው ነው፤ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። በ2008 ክረምት ሰንዳፋ ተዘጋና ጭነቱ ሁሉ ወደ ቆሼ ተመለሰ።

ነሐሴ 2010 እዚያው ቆሼ አጠገብ፣ ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ሲመረቅ ደስ ብሎኛል። ግን በክረምት እርጥብ እንጨት ያነደደ ሰው ችግሩን ይገምተዋል። ውሃ ያዘለ ቆሻሻ ውሃው እስኪተን ድረስ እሳቱን ይበላል። ከተማችን ከምትጥለው ከግማሽ በላዩ ደግሞ ልጣጭና ትራፊ፣ ቅጠልና ሣር ነው። ስለዚህ መላው የሚጀምረው ፋብሪካው በር ላይ አይደለም። ኩሽናሽ ውስጥ ነው። ለደረቁ አትጨነቂ፤ ደረቁ ገዢ አለው። ለእርጥቡ ግን ገዢው አንቺ ሁኚለት። ባልዲው ለዚህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኮዬ ፈጬ እንጨት ሥራ ቤት አታጪም። ሰጋቱራ አንድ ማዳበሪያ ጠይቂያቸው፤ ለእነሱ መገላገል ስለሆነ በነጻ ይሰጡሻል። ባልዲው ሥር ሁለት ጣት ያህል በትኚ። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ስትጨምሪ በላዩ አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ነስንሺ። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት የነካው ወጥ አይገባም፤ አይጥ ይጠራል። ከሸተተሽ ውሃ በዝቷል ማለት ነው፣ ደረቅ ጨምሪ። ጨብጠሽ ስትጨምቂው ጠብ ካላለ፣ ስትለቂው ደግሞ ካልተበተነ ጥሩ ነው። ሲሞላ ከብሎካችሁ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ አፈር ማልበስ ነው። ሦስት ወር ገደማ ታግሰሽ ስትከፍቺው ጥቁር አፈር ሆኖ ታገኚዋለሽ። ሽታው የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት ነው። የእናትሽ ቆስጣ ምን እንደበላ አሁን ገባሽ?

እንጀራው ግን ባልዲ ውስጥ ከገባ እናትሽ አትምርሽም። የተረፈውን ሳይሻግት በፀሐይ አድርቀሽ ድርቆሽ አድርጊው። የሻገተውን ለዶሮም ለከብትም እንዳትሰጪ። እሱ ብቻ ባልዲ ይግባ።

እኛ ሰፈር ሁሉም ነገር የተሳካ እንዳይመስልሽ። አምና በብሎክ ስብሰባ እርጥብና ደረቅ እንለይ ተባባልን። አንድ ወር ሙሉ ለየን። ከዚያ አንድ ቀን የሦስተኛ ፎቋ ወይዘሮ ከበረንዳ ቁልቁል ስታይ፣ የጽዳት ማኅበሩ ልጆች የለየነውን ሁሉ አንድ ጋሪ ላይ ሲደባልቁት አየች። ሰፈሩ ተናደደ። «ክፍያውን ከውሃ ቢል ጋር እየቆረጡ ይሄን ይሠራሉ!» ተባለ። ወርጄ ጋሪ የምትገፋውን ልጅ ጠየቅኳት። «አባባ፣ ጋሪው አንድ ነው፣ ገንዳውም አንድ ነው፤ የት ላድርገው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ልክ ነች። ስታወራኝ የቀኝ እጇን አውራ ጣት በጨርቅ አስራ ነበር። ፌስታል ውስጥ የተጣለ ምላጭ ነው የቆረጣት። አደራሽን፣ ምላጭና የተሰበረ ብርጭቆ በካርቶን ጠቅልለሽ፣ በፕላስተር አሽገሽ፣ ለብቻው ስጪ። ይህን የምልሽ እንደ ሹፌርም እንደ አባትም ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙው ሰው ተወው። አሁን ባልዲ ያለን ስድስት ቤቶች ነን። ከኋላ ያለችውን ቁራሽ መሬት ይዘናል። ልጅቷ የእኛን ብሎክ ጋሪ ስትገፋ ቀለል እንደሚላት ነግራኛለች። ከስድስት ቤት ያን ያህል ይቀል እንደሆነ እንጃ፤ ደስ ሊለኝ ብላም ሊሆን ይችላል።

ደረቁን በተመለከተ፣ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ስትሰሚ በረንዳ ውጪ። ሃይላንዱን ጠፍጥፈሽ፣ ካርቶኑን አጥፈሽ፣ ቆርቆሮውን ለቅልቀሽ ጠብቂው። የቆሸሸ ካርቶን አይወስድም፤ ቢወስድም በግማሽ ዋጋ ነው። አትጨቃጨቂው፣ ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው። አሮጌው ብረት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ደርሶ ብረት ድስትና ምድጃ ሆኖ ሲመለስ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ከልዋጭ ጋር ግን ተጠንቀቂ። እናትሽ ሰማያዊ ኮቴን በሁለት የፕላስቲክ ሳፋ የለወጠችበትን ቀን ታስታውሻለሽ? ኪሱ ውስጥ መንጃ ፈቃዴ ነበር። ልዋጩን ፍለጋ በእግሬ እስከ አያት ሄጃለሁ። ፈቃዱን መለሰልኝ፤ ኮቱን አልመለሰም። ሳፋዎቹ አሁንም አሉ፤ እናትሽ «ኮቱ ቢሆን እስከ ዛሬ አልቆ ነበር» ትለኛለች።

ወንድምሽ ዘንቢልም ይዟል። ገበያ ስትወጪ እሱን ያዢ። በ2017 ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል፤ ቅጣትም አለው። ግን እኔ ቅጣቱን ፈርቼ አይደለም። ክረምት ላይ ቱቦ የሚደፍነው፣ የሰው ግቢ ውሃ የሚያስገባው ማን እንደሆነ ስንት ጊዜ በአካፋ አውጥቼ አይቻለሁ። ሱቅ ሄደሽ አንድ ሎሚ በፌስታል፣ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል ሲያደርጉልሽ «ይቅር» ማለት ልመጂ። መጀመሪያ ባለሱቁ እንደ ቆጣቢ ያይሻል፤ ኋላ ይለምደዋል።

ዳይፐርን በተመለከተ ምንም መላ የለኝም። 19 ዓመት አስቤበት አልመጣልኝም። ለእናንተ ገና ነው መሰለኝ። ገና ካልሆነም ለእናትሽ ቀድመሽ ንገሪያት፣ እኔ ከእሷ እሰማለሁ።

ባልዲው ሲሞላ ደውይልኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ፤ የመጀመሪያውን ጉድጓድ እኔና ባለቤትሽ እንቆፍረዋለን። አካፋ ይዤ እመጣለሁ፣ እንዳትገዙ። ሽሮው መድረሱን ግን ዛሬውኑ ለእናትሽ ደውለሽ ንገሪያት። ከጠዋት ጀምሮ ስልኳን እያየች ነው።

አባትሽ
የካ አባዶ